ሳልበሳ የሰጠኋቸው ጠርሙሶች

ሥራ በጀመርሁበት ዕለት ከንብረት ክፍል የተረከብኋቸው ዕቃዎች እነዚህ ነበሩ፦ አንድ የጀርባ መርጫ፣ አንድ መለኪያ ስኒ፣ የጎማ ጓንት፣ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ፣ መዝገብና አንድ ረጅም ሚስማር። ሚስማሩን ሳይ ሳቄ መጣ። ዕቃውን ያስረከቡኝ ጸጉራቸው የሸበተ ሰው ግን አልሳቁም።

“የፀረ ተባይ ጠርሙስ ሲያልቅ ሦስት ጊዜ በውሃ ታለቀልቀዋለህ። እጣቢውን እዚያው መርጫው ውስጥ ትገለብጠዋለህ። ከዚያ ታቹን በዚህ ትበሳዋለህ” አሉኝ።

“መበሳቱ ለምንድን ነው?”

“ሰው ሌላ ነገር እንዳይዝበት ነዋ! አንተ ካልበሳኸው ማን ይበሳዋል?”

ከዚያ ወደ ቡድን መሪዬ ቢሮ ገባሁ። እሳቸው ወንበር ሳይሰጡኝ ምክራቸውን ሰጡኝ። “ገበሬ ፊት መርዝ የምትል ቃል ካፍህ እንዳትወጣ። ይሸሽብሃል። የአረም መድኃኒት በል፣ የተምች መድኃኒት በል። በዕቅድ የተያዘው ሄክታር የሚሸፈነው ሰው ሲቀበልህ ነው።”

ለሁለቱም “እሺ” ብዬ ወጣሁ። በኋላ የጠበቅሁት የቡድን መሪዬን ብቻ ነው።

መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት ሆኖት ነበር። እኔ ዲፕሎማዬን ይዤ በልማት ጣቢያ ሠራተኛነት የተመደብሁት ከፍኖተ ሰላም ወደ ጅጋ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ በሚገኝ ቀበሌ ነው። ሰው “ባለሙያው” ይለኛል። ስሜን የሚጠራው የለም፤ እኔም ደስ ይለኝ ነበር።

ባገራችን ባዶ ዕቃ አይጣልም። የዘይት ጀሪካን ውሃ መቅጃ ይሆናል፣ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ እህል መስፈሪያ ይሆናል፣ ያረጀ ጎማ ጫማ ይሆናል። ይህን የለመደ ሰው የእኔን ጠርሙስ እንዴት ይለፈው? ነጭ ነው፣ አንድ ሊትር ይይዛል፣ ክዳኑ ሲጠመዘዝ ጥርቅም ይላል። ከመርጨት ስንመለስ ሴቶቹ ደጅ ላይ ጠብቀው “ባለሙያው፣ ባዶውን!” ይሉኛል። መጀመሪያ ሰሞን “አይሆንም” ብዬ ፊታቸው እበሳው ነበር። ፊታቸው ይጠቁራል። አንዷ “እንዴት ያለው ነው፣ በባዶ ዕቃ የሚመቀኝ!” ብላ ስታማኝ ሰማሁ።

እኔ ሰው ሲጠላኝ አልችልም። ሌላ ሰበብ የለኝም፤ ይኸው ነው። አንድ ሰጠሁ፤ ተመረቅሁ። ሌላ ሰጠሁ፤ ሠርግ ላይ ከሽማግሌዎች ተርታ አስቀመጡኝ። እያደር ማለቅለቁንም ተውሁት። ራሳቸው ያጥቡታል አልሁ። ሚስማሩ ከመሳቢያዬ ውስጥ ዛገ።

ሪፖርት ላይ ግን ዓይኔን በጨው አጥቤ “ባዶ ዕቃዎች በአግባቡ ተበስተው ተቀብረዋል” ብዬ እጽፍ ነበር። ይባስ ብሎ ፍኖተ ሰላም በተደረገ አንድ ግምገማ ላይ አርአያ ተብዬ፣ ስለ ባዶ ዕቃ አወጋገድ ለባልደረቦቼ ገለጻ እንዳደርግ ተጠየቅሁ። ቆሜ ተናገርሁ። አጨበጨቡልኝ። ከመድረኩ ስወርድ እኔ ራሴ ያልሁትን አምኜው ነበር።

ተምች በቆሎውን በወረረበት ክረምት እትዬ ጠጄ ጣቢያው ድረስ መጡ። የመሪጌታ አያሌው ባለቤት ናቸው። መሪጌታ በወጣትነታቸው ቅኔ ያስተማሩ፣ በቀበሌው የሚከበሩ ሰው ነበሩ። ያን ሰሞን ሆዳቸውን ታመው ተኝተዋል።

“ልጄ፣ እንደው ሁለት ባዶ ብትሰጠኝ” አሉኝ እትዬ ጠጄ። “ለመሪጌታ ጠበል ላመጣበት ነው። ጀሪካኑ ዳገቱ ላይ ከብዶኝ አላስኬድ አለኝ።”

በዕለቱ ተረጭተው ያለቁ ሁለት ጠርሙሶች አንሥቼ ሰጠኋቸው። አገላብጠው አዩአቸው። “የመድኃኒት ዕቃ መሆኑ ደግሞ እሰየው ነው፤ ለበሽተኛ ይስማማል” አሉ።

ይህን በጆሮዬ ሰማሁ። “እትዬ፣ መድኃኒት የምንለው ልማድ ሆኖብን ነው፤ መርዝ ነው” ማለት የአንድ ትንፋሽ ሥራ ነበር። እኔ ግን “በደንብ ይጠቡት” ብቻ አልሁ።

“በአመድ አሽቼ፣ በእንዶድ አጥቤ! ዕድሜ ይስጥህ የኔ ጌታ” ብለው ሄዱ።

ሳምንት ሳይሞላ በደጃቸው ሳልፍ ጎረቤቱ ተሰብስቧል። ምን ሆናችሁ ብል “ጠበሉ ሠራላቸው! ያስመልሳቸዋል፤ ክፉው ሊወጣ ነው” አሉኝ ደስ ብሏቸው። ጠበል ሲያስመልስ መልካም ምልክት እንደሆነ እኔም ሰምቼ ነው ያደግሁት። ገባሁ። መሪጌታ መደብ ላይ ተጋድመዋል። ላብ አጥምቋቸዋል፣ ለሃጫቸው ይወርዳል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። እነዚህን ምልክቶች አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ፤ ኮርስ ላይ ተፈትኜባቸዋለሁ። ነጩ ጠርሙስ ራስጌያቸው ቆሟል።

ልናገር አፌን ከፈትሁና የተሰበሰበውን ሰው አየሁ። ከሥራ መባረሬ ታየኝ። ያ ሁሉ ምርቃት እርግማን ሲሆን ታየኝ። እኒያ ሽማግሌ ፊቴ እየተንቀጠቀጡ እኔ ስለ ስሜ አሰብሁ። በመጨረሻ የተናገርሁት ይህን ነው፦

“እትዬ፣ ጠበል በፕላስቲክ ይያዛል እንዴ? በቅል ቢያደርጉት አይሻልም?”

“ውይ አበሳዬ! እውነትህን እኮ ነው!” አሉ እትዬ ጠጄ ደረታቸውን መትተው። “ምን ነካኝ እኔ? መንፈስ ቅዱስ ነው ያናገረህ።”

ቀስ ብዬ “ጤና ጣቢያስ ቢታዩ?” አልሁ። አንድ ሽማግሌ “ጠበል ከተጀመረ ወዲያ አይቋረጥም” አሉኝ። ምክንያቱን ደብቄ በምን አፌ ልከራከር? ጠርሙሱን “ለቢሮ ይፈለጋል” ብዬ ይዤው ወጣሁ። ጣቢያዬ ስደርስ በሩን ዘግቼ በሳሁት። ሁለተኛው ጠርሙስ የት እንዳለ አልጠየቅሁም። ብጠይቅ “ለምን?” ይሉኛል ብዬ ፈራሁ።

መሪጌታ በቅል የተቀዳውን ጠበል እየጠጡ ከሳምንት በኋላ ተነሡ። እትዬ ጠጄ ስለታቸውን አስገቡ። ለእኔም “ያን የመሰለ ምክር የመከርኸኝ” ብለው አንዲት ዶሮ ይዘውልኝ መጡ። ተቀበልኋት። አሠርቼ በላኋት። በሥራ ዘመኔ ካደረግሁት ሁሉ እንደዚያች ዶሮ የሚያሳፍረኝ የለም።

መስከረም ላይ የጤፍ አረም ደቦ ተጠራ። መሪጌታም ድነው ከማሳው ዳር ተቀምጠው ያጫውታሉ። ይታይሽ የምትባል የእትዬ ጠጄ ጎረቤት የሦስት ዓመት ሴት ልጇን አዝላ መጥታለች። ዕረፍት ስንወጣ ለልጅቷ ወተት አወጣች። የያዘችው በነጭ ጠርሙስ ነው። ጎኑ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ የመዝገብ ቁጥር አለበት፤ ጽሑፉ የእኔ ነው።

“ይታይሽ፣ ይህን ከየት አመጣሽው?”

“እትዬ ጠጄ ናቸዋ የሰጡኝ። ለጠበል አይሆንም ብለሃቸው የለ? እንግዲያ ለልጅሽ ወተት ይሁንሽ አሉኝ።”

“ጠጥታበታለች?”

“ስንመጣ ጠጣች። ምነው?”

ጠርሙሱን ከእጇ ነጥቄ ወተቱን መሬት ላይ ደፋሁት። ሰዉ ባንድ ላይ ጮኸ። እኛ አገር ወተት የሚደፋ ሰው ወይ እብድ ነው ወይ ጠላት ነው። ይታይሽ “ምን በደልሁህ? የልጄን ጉሮሮ!” ብላ ልብሴን ጨምድዳ ያዘችኝ።

“መርዝ ነው” አልሁ። በዚያ ቀበሌ ቃሉን ስናገረው የመጀመሪያዬ ነበር። “የተምቹ መድኃኒት የምላችሁ መርዝ ነው። ባዶውን የሰጠኋችሁ ሁሉ የመርዝ ዕቃ ነው። መሪጌታንም ያንቀጠቀጣቸው እሱ ነው። ያን ዕለት አውቄ ነበር። አውቄ ዝም አልሁ።”

መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ ብዬ ተመኘሁ። ለመመኘት እንኳ ጊዜ አልነበረም፤ ልጅቷ ማስመለስ ጀመረች። እኔና አባቷ እየተቀባበልን ተሸክመናት ጅጋ ጤና ጣቢያ ደረስን። ግማሹን መንገድ ጀርባዬ ላይ ነበረች፤ ላቧ በሸሚዜ አልፎ ይሰማኝ ነበር። ይታይሽ ከኋላ እየሮጠች ታለቅሳለች።

ነርሷ “ምን ጠጣች?” አለች። የኬሚካሉን ስም፣ ከስንት ሰዓት በፊት እንደጠጣች፣ ዕቃውን ሳላለቀልቅ መስጠቴን ነገርኋት። ጽፋ ወዲያው ሥራ ጀመረች። “ስሙን ማወቃችሁ ጠቀመን” አለችኝ መርፌውን እያዘጋጀች። ልጅቷ በሁለተኛው ቀን እናቷን ምግብ ጠየቀች። እኔ ከግቢው አጥር ውጭ ቆሜ አለቀስሁ።

ሽማግሌ ይዤ መሪጌታ ቤት ሄድሁና እግራቸው ላይ ወደቅሁ። እሳቸው ትከሻዬን ይዘው አነሡኝ።

“አንተ ልጅ፣ ለካ ቅኔ ነው የተቀኘህብን” አሉኝ። “መድኃኒት አልኸን፤ እኛ ሰሙን ይዘን ቀረን። ወርቁን አንተ ደበቅኸው። እኔም ቅኔ አስተማሪ ተብዬ ሳልፈታው ልሞት ነበር።”

ቢራገሙኝ በወደድሁ። እትዬ ጠጄ ግን ፊታቸውን ወደ ምሰሶው አዙረው ተቀምጠው ነበር። “አንድ ነገር ልጠይቅህ” አሉ። “ያን ዕለት ብትነግረኝ ምን አደርግህ ነበር?”

“እትዬ...” ብዬ ጀመርሁ።

“ምንም። ጠርሙሱን እጥለው ነበር፤ አለቀ” አሉ። “አሁን ያችን ምስኪን ልጅ ያመማት መርዝ በእኔ እጅ የሄደ ነው። ይህን ነው ያሸከምኸኝ።”

በማግስቱ ለቡድን መሪዬ ሁሉንም ነገርኋቸው። “ሪፖርቱ ተበስቷል ይላል” አሉኝ ወረቀቱን እያገላበጡ። “ልጅቷ ድናለች፤ ሰውየውም ድነዋል። አሁን ሪፖርት አፍርሰን እንደገና ልንጽፍ ነው? ተመለስና ሥራህን ሥራ።” ለበላይ ኃላፊው በጽሑፍ አመለከትሁ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝና ወደ ቡሬ አካባቢ ተዛወርሁ። ሲያንሰኝ ነው።

ከመዛወሬ በፊት ቤት ለቤት ዞርሁ። በየደጁ “የሰጠሁት ዕቃ የመርዝ ነው፤ መልሱልኝ” አልሁ። አንዳንዱ ቤት ጋዝ ይዞበታል፣ አንዳንዱ ቤት ዘይት፣ አንዱ ቤት አረቄ። ያገኘሁትን በሳሁ። ያን ጊዜ የገባኝ የሥራው ቀላልነት ነው፤ ለአንዱ ጠርሙስ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ሁለት ደቂቃዋን ስቆጥብ ነው የሰው ቤት ያወክሁት። ጥቂት ሴቶች ግን ጠርሙሶቹን ጅጋ ገበያ ወስደው ሸጠዋቸዋል። ለማን እንደሸጡ አያውቁም።

ቡሬ ስደርስ በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ “ይህ መርዝ ነው” ብዬ ጀመርሁ። ገበሬው አልሸሸም። እንዲያውም ጓንቱን ስጠን አለ፣ ከነፋሱ በየት በኩል እንቁም ብሎ ጠየቀ። ይህን ስሰማ በእፎይታ ፈንታ እንደገና አፈርሁ። ከሥራ እስክወጣ እንደዚያው ሠራሁ። ለዚህም ምስጉን ሠራተኛ የሚል ወረቀት ተሰጥቶኛል፤ ቤቴ አልሰቀልሁትም።

ጅጋ የተሸጡትን ጠርሙሶች ዛሬም ድረስ አላገኘኋቸውም። ማን ምን እንደጠጣባቸው አላውቅም። ለወጣት ባለሙያዎች የምለው አጭር ነው፦ ሰው ያጠፋል፤ ያጠፋችሁትን በዚያው ዕለት ተናገሩ። በዚያው ዕለት ጠርሙሱ በየትኛው ቤት እንዳለ ይታወቃል፤ ውሎ ሲያድር አይታወቅም።