የሚቀጣው ማን ነው?

ልጄ አስቴር በዕብራይስጥ የተጻፈ ተከታታይ መጽሐፍ ማንበብ ይዛለች፤ የአስማተኞች ትምህርት ቤት ታሪክ ነው። አንድ ቀን ኢየሩሳሌም ውስጥ፣ የኢትዮጵያ መንገድ የሚባለውን ጎዳና ይዘን ወደ ቤት ስንሄድ፣ «አባዬ፣ በመጀመሪያው መጽሐፍ የተማሪዎች አለቃ የሆነ ተማሪ ሌሎችን ይቀጣል ይላል፤ በሁለተኛው ደግሞ መቅጣት አይችልም ይላል። የቱን ልመን?» አለችኝ።

እኔም ግራ ገባኝና፣ «ተማሪ ምን ሥልጣን አለው? የሚቀጣ ወላጅ ነው!» ብዬ ተቆጣሁ።

ቤት ስንደርስ ከትምህርት ቤቷ ደብዳቤ መጥቷል። ዕብራይስጥ ስለማላነብ እንደ ልማዳችን ለእሷው ሰጠኋት።

«በክፍል ውስጥ ረብሻለችና ወላጅ ይቅጣት ይላል» አለች።

«ታዲያ በምን ልቅጣሽ?»

ትንሽ አሰበችና፣ «ሰንበትን ቴሌቪዥን ከልክለኝ» ብላ በእኔ ስም ፈረመች።

እኛ ቤት በሰንበት ቴሌቪዥን እንደማይከፈት ትዝ ያለኝ ደብዳቤው ቦርሳዋ ከገባ በኋላ ነው።