ከአንገር ማዶ የጠራኝ ሰው

ነቀምቴ ውስጥ ይህን ታሪክ ያልሰማ ሰው ጥቂት ነው። ሠርግ ላይ ተነግሯል፣ ማኅበር ላይ ተነግሯል፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ሰው ለማጽናናት ተነግሯል። ይልማ በአንገር በረሃ ክረምቱን ብቻውን ከርሞ፣ ወባ ጥሎት፣ ከሞት አፋፍ ተመለሰ ይባላል። ይልማ እኔ ነኝ። ወባው ግን ውሸት ነው። እውነቱን ለሚስቴ ነግሬያት አላውቅም። ለነፍስ አባቴም ቢሆን ጾም መግደፌን፣ ሰው ማማቴን እየተናዘዝኩ ይቺን አንዷን እየዘለልኩ ኖሬያለሁ። ከአንድ ሰው በስተቀር ከአፌ የሰማት የለም፤ እሱም ቢሆን የሰማት አምና ነው። አሁን ለእናንተ ልናገር። ቢያስቃችሁ ሳቁ፣ የሚያስቅ ነገር አለው። ብቻ ሳቁ ጥፋቴን እንዳያስረሳችሁ፤ እኔን ስንት ዘመን አስረስቶኛል።

በጃንሆይ ዘመን ነው። ከነቀምቴ ወደ ጊዳ አያና የሚወስደውን መንገድ የሚቀይሱ ሰዎች በአንገር ወንዝ ግራና ቀኝ ሰፍረው ነበር። ክረምት ሲቃረብ፣ ወንዙ ሊሞላ ወባውም ሊነሣ ስለሆነ፣ ሠራተኛው ሁሉ ወደ ደጋ ወጣ። ድንኳኑ፣ ብረቱና በርሜሉ ግን በምን ይውጣ? መንገዱ እኮ ገና ሊሠራ ነው! ስለዚህ በወዲህኛው ዳር አንድ ዘበኛ፣ በወዲያኛው ዳር አንድ ዘበኛ እስከ መስከረም መጨረሻ ይቀመጥ ተባለ። በወዲህ እኔ፣ በወዲያ ገመቹ።

እኔ ነቀምቴ፣ ጨለለቂ ሰፈር ያደግሁ የከተማ ልጅ ነኝ፤ ወላጆቼ ከጎጃም መጥተው እዚያ የከተሙ። «በረሃ ለእኔ እንደ እናቴ ጓሮ ነው» ብዬ ፎክሬ ነው ሥራውን ያገኘሁት። እውነቱን ለመናገር፣ ከእናቴ ጓሮ ርቄ አድሬ አላውቅም ነበር። ገመቹ የቢላ ሰው ነው። ረጅም ነው፣ ሲያዩት ዝምተኛ ይመስላል፣ ሲስቅ ግን ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ይስቃል። ሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማረ፣ መዝሙር የሚወድ ሰው ነው። በጋውን አብረን ብረት ስንሸከም ተዋውቀናል።

ወንዙ ከመሙላቱ በፊት ተሻግሮ መጣና ጎጆዬን አይቶ ሳቀ።

«ኦቦሌሳ ኮ፣ ወንድሜ፣ መሬት ላይ ልትተኛ ነው? እባቡስ የት ይተኛ?»

እንጨት ቆርጠን ከመሬት ከፍ ያለ ቆጥ ሠራን። ከዚያ አንዱን ባዶ በርሜል በጡጫው መታ መታ አደረገና እንዲህ አለኝ፦ «ወንዙ ሲሞላ ድምፃችን አይሻገርም። በርሜል እንመታለን። እኔ ሁለቴ ስመታ ‹ጂርታ?› ማለቴ ነው። አንተ አንዴ ትመታለህ። ‹ጂራ› ማለትህ ነው።» አለህ? አለሁ። በአማርኛም በኦሮምኛም ከዚህ የሚያጥር ንግግር የለም። ስንት ነገር እንደሚይዝ ግን ያን ጊዜ አላወቅሁም።

ወንዙ ሞላ። ብቻዬን ቀረሁ።

መጀመሪያ ላይ በረሃው አስተማሪዬ ሆነ፤ በጥፊ የሚያስተምር አስተማሪ። እሳት አጥፍቼ አድሬ በማግስቱ ጥሬ በቆሎ ቆረጠምኩ፤ ከዚያ ወዲያ ፍሙን በአመድ ዳፍኜ ማሳደር፣ እርጥቡን እንጨት ከእሳቱ በላይ ሰቅዬ ማድረቅ ለመድኩ። ክብሪቴን ከርጥበት ለማዳን በደረቅ ቅል ውስጥ ከተትኩ። ከድንኳኑ ጠርዝ የሚወርደውን ዝናብ በበርሜል እየተቀበልኩ ጠጣሁ፤ ወንዙ ዳር ውኃ ልቅዳ ስል ግንድ መስሎኝ ልረግጠው የነበረው አዞ ነው ይህን ብልሃት ያስተማረኝ። ዝንጀሮ የናቀውን ፍሬ አልበላም ነበር። ትንኟን በጢስ ተከላከልኩ፣ ጢሱን በዕንባ ቻልኩት።

ስለ ዝንጀሮዎቹ ካነሣሁ፣ አለቃቸውን ቀኛዝማች ብዬ ሾሜው ነበር። ጎፈሬያም፣ ቁጡ፣ በቆሎ ሲሰርቅ እንኳ የማይቸኩል ባለማዕረግ ነው። በየጠዋቱ እጅ እነሣዋለሁ፣ ስለ ግዛቱ እጠይቀዋለሁ፣ ፍርድ ሲያጓድል እከራከረዋለሁ። ትስቃላችሁ? እኔም ስቄያለሁ። ግን ሰው ብቻውን ሲሆን አፉ እንዳይዝግ አንድ ተሟጋች ያስፈልገዋል። በረሃ ውስጥ ሰው የሚገድለው ነብር ይመስላችሁ ይሆናል። የሚገድለውስ ከሰዓት በኋላ ነው። ጠዋት ሥራ አለ፣ ማታ እንቅልፍ አለ፤ ከሰዓት በኋላ ግን ምንም የለም፤ ዝናቡና አንተ ብቻ። ለዚህ ነው ከሰዓት በኋላዬን በሥራ የሞላሁት፤ የተሰበረ ሣጥን እጠግናለሁ፣ ጺሜን እላጫለሁ፣ የማውቀውን ዘፈን ሁሉ ከነስንኙ እዘፍናለሁ።

ነሐሴ ላይ፣ ዝናቡ ቀንና ሌት ሳያባራ የዘነበበት ሰሞን፣ ይህ ሁሉ ብልሃት አለቀብኝ። ለምን እንደሆነ ዛሬም አላውቅም። አንድ ጠዋት ተነሥቼ እሳቱን መቆስቆስ ታከተኝና ትቼው ተጋደምኩ። እሳቱ ጠፋ። ቀኛዝማች መጥቶ በቆሎዬን ሲበላ እያየሁት አላባረርኩትም። ገመቹ ሁለቴ መታ፤ አልመለስኩም። ደግሞ መታ፤ አልመለስኩም። ከዚያ በኋላ ያ ሰው ቀኑን ሙሉ መታ። እንደ ሠርግ ከበሮ መታ፣ በመዝሙር ዜማ መታ፣ ዜማውን እያበላሸ መታ፣ ሲደክመው ትንሽ አርፎ እንደገና መታ። ወደ ማታ ላይ ተናድጄ ተነሣሁ። ዝም እንዲልልኝ ብዬ ነው እንጂ ለመኖር ብዬ አይደለም። ብረት አንሥቼ በርሜሉን አንዴ ደለቅሁት።

ከማዶ እልልታ የመሰለ ጩኸት በውኃው ድምፅ ውስጥ ሾልኮ መጣ። በዝናቡ መካከል አንድ ቀጭን ጥላ ሲዘል፣ ሲወድቅ፣ ተነሥቶ ሲዘል አየሁ። ሳቅ አመለጠኝ። ከስንት ቀን በኋላ የሳቅሁት ያኔ ነው። ክብሪቱን ከቅሉ አውጥቼ እሳት አነደድኩ። እኔ ይልማ፣ ነፍሴ የተረፈችው በዚያ ቀን ነው። ያተረፋት ማን እንደሆነም አውቃለሁ። አውቄ ነው እንግዲህ ያደረግሁትን ያደረግሁት።

ለእንቁጣጣሽ ዋዜማ የአክስቴ ልጅ ደጀኔ በበቅሎ ስንቅ ይዞልኝ ወረደ። ስንቁን ሳያራግፍ ወሬውን አራገፈ። ሰፈሩ ትልቅ ሰንጋ ለቅርጫ ገዝቷል፣ እናቴ ጠጅ ጥላለች።

«ሁለት ቀን ብቻ ና። ማን ያይሃል?» አለኝ። «ዝንጀሮው ነው የሚከስህ?»

አላመነታሁም። ቢያንስ አመንትቼ ነበር ማለት ብችል ደስ ባለኝ። ነጠላዬን አደረግሁ፣ ያረጀ ሸሚዜን ገመድ ላይ እንደተሰጣ ተውኩት፣ ዳገቱን ጀመርን። ጉም ወንዙን ሸፍኖታል፤ ገመቹ ሊያየኝ አይችልም። ጥቂት እንደወጣን ከጉሙ ውስጥ ሰማሁት።

ጂርታ?

ቆምኩ። በርሜሉ ቅርብ ነበር፤ ተመልሼ ለመምታት አንድ ሲጋራ የማጨስ ያህል ጊዜ አይወስድም ነበር። ለምን አልተመለስኩም? ሥጋው ይቀዘቅዛል ብዬ ነው? ኧረ ሰንጋው ገና በእግሩ ቆሟል። ስላፈርኩ ነው። ብመታ ኖሮ «አለሁ» ብዬ ዋሽቼው መሄዴ ነው፤ የምሄድ መሆኔን ልነግረው ደግሞ የምመታው ምት አልነበረንም። ለመሄድ ምት አላበጀንም ነበር፤ እንሄዳለን ብለን አላሰብንማ። ደግሞ መታ። ደጀኔ፣ «ያ ምንድን ነው?» አለኝ። «ምንም» አልኩት። ሰማሁት፤ እኔ ሰማሁት፤ ሰምቼው ዳገቱን ወጣሁ።

ሁለቱ ቀን ሳምንት ሆነ፣ ሳምንቱ እስከ መስቀል ተጎተተ። ምቾት እንዲህ ነው፤ ነገ እያለ ያስተኛል። በልቼ ጠጣሁ፣ ስለ አዞና ስለ ቀኛዝማች እያወራሁ ጎረምሳውን አስደነቅሁ።

የመስቀል ዕለት ቀትር ላይ፣ ገበታ ቀርቦ ሳለ፣ ከግቢው በር ድምፅ ተሰማ። እናቴ ወጣች። አንድ ጭቃ የለበሰ፣ ዱላ የተደገፈ፣ አንድ እግሩን በጨርቅ የጠመጠመ ሰው ባርኔጣውን አውልቆ ቆሟል። በመስኮቱ አየሁት። ገመቹ ነው።

«ሀርሜ» አላት፤ እናቴ ማለቱ ነው። ከዚያ በላይ መናገር አቅቶት አለቀሰ።

«ኧረ ምን ሆነሃል የኔ ጌታ? ግባ እንጂ!»

«አልገባም ሀርሜ። ክፉ ወሬ ይዤ ነው የመጣሁት። ልጅሽ ይልማ… ይልማ ሞተ። እኔ ነኝ በእጄ የቀበርኩት።»

እናቴ ቀስ ብላ ዞረችና በበሩ ወደ ውስጥ አየችኝ። ቁርጥ አፌን ሞልቶታል። መዋጥም መትፋትም አቃተኝ።

ለካ ገመቹ ከእኔ መልስ ሲያጣ በርሜሎች በገመድ አስሮ፣ ያን ሙላት ለመሻገር ገብቷል። ወንዙ ወስዶ ከድንጋይ ጋር ሲያላትመው ቁርጭምጭሚቱ በበርሜሉና በድንጋዩ መካከል ተጨፈለቀ። ከታች በኩል ወጥቶ፣ ሣሩን እየያዘ እየተጎተተ ጎጆዬ ደረሰ። ጎጆው ባዶ ነው። ቀኛዝማችና ሠራዊቱ ሸሚዜን ቀደው በትነውታል፤ አጠገቡ አጥንት ወድቋል። ጅብ እኔን የበላኝ መሰለው። አጥንቱን በሸሚዙ ቁራጭ ጠቅልሎ ቀበረ፣ ድንጋይ ከመረበት፣ የሚወደውን መዝሙር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ዘመረበት። አጥንቱ የከርከሮ መሆኑ የታወቀው ኋላ ነው። በወለጋ ምድር መዝሙር የተዘመረለት ከርከሮ እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ከዚያ በዚያ እግሩ፣ ጥቂቱን በነጋዴ አህያ፣ የቀረውን በዱላ፣ መርዶ ሊነግር ነቀምቴ ድረስ መጣ።

ወጣሁ። ሲያየኝ ዱላው ወደቀ። «ያ ዋቃዮ! አምላኬ!» ብሎ ጭንቅላቴን በሁለት እጁ ያዘ፣ ጆሮዬን ጎተተ፣ ትከሻዬን ደበደበ፣ እያለቀሰ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። «ምን ሆነህ ነው?» አለኝ።

«ወባ» አልኩ። «ጣለኝ። ራሴን ስቼ ደጀኔ በበቅሎ ጭኖ አመጣኝ።»

ደጀኔ መሬት መሬቱን አየ። እናቴ እኔን አየችኝ። እየዘፈንኩ በእግሬ መምጣቴን ታውቃለች። አላጋለጠችኝም። ከዚያን ቀን አንሥቶ እስክትሞት ድረስ ግን መጀመሪያ የምታጎርሰው ገመቹን ነበር።

እግሩ አልዳነም፤ እያነከሰ ኖረ። እያነከሰ አገባ፣ ቢላ ላይ ሱቅ ከፈተ፣ የመጀመሪያ ልጁን በእኔ መትረፍ ተደንቆ ዲንቂሳ አለው። በየመስቀሉ እሄዳለሁ። በየመስቀሉ እንግዳ ሲመጣ እግሩን ዘርግቶ፣ «ይቺ እግር የወንድሜ ናት» ብሎ ይጀምራል። ወባው ላይ ሲደርስ ለእኔ ይለቅልኛል። እኔስ? እኔ እቀበላለሁ። በዓመት በዓመት ወባዬን አባባስኩት፤ መጀመሪያ ትኩሳት ነበር፣ ቀጥሎ መዘባረቅ መጣ፣ ኋላማ አባቴን ከሰማይ ሲጠራኝ አየሁት አልኩ። የሰው እግር አሽመድምዶ ላዩ ላይ ተረት የሚጨምር ምን ዓይነት ሰው ነው?

አምና በመስቀል ማግስት ገመቹ፣ «እሑድ በቤተ ክርስቲያናችን ተነሥተህ መስክርልኝ። ሰው ከእኔ ሰልችቷል፣ ካንተ ይስማ» አለኝ። ከሱቁ በር ላይ ተቀምጠን ነበር። እግዚአብሔር ቤት ገብቼ ወባዬን ልናገር? ያንን እንኳ አልቻልኩም።

«ወባ አልያዘኝም» አልኩት። «ለሥጋ ብዬ ነው የሄድኩት። ስትመታም ሰምቼሃለሁ።»

ስለ ሥጋው አልጠየቀኝም። ስለ ወባውም አልጠየቀኝም።

«ሰምተሃል?» አለኝ።

«ሰምቻለሁ።»

ከዚያ ተነሥቶ እያነከሰ ወደ ጓሮ ሄደ። ማታ ራት ሲቀርብ ከእኔ ጋር አልቆረሰም፤ ሚስቱ ግራ ገብቷት አንዴ እሱን አንዴ እኔን ታያለች። ጠዋት ግን እስከ አውቶቡስ ሸኘኝ። አውቶቡሱ ሊነሣ ሲል በመስኮቱ አንገቱን አስገባ።

«ይልማ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ታሪኩን እኔ ነኝ የተናገርኩልህ። ደክሞኛል። ከእንግዲህ አንተ ተናገረው። እንዳለ፤ ከነሥጋው።»

ትከሻው ተንቀጥቅጦ ይሁን አይሁን አውቶቡሱ እየናጠኝ በደንብ አላየሁም። ሳቅ ነበር ብዬ ለራሴ ማለት አማረኝ። አላልኩም።

እነሆ ተናገርኩ። ወጣት ነበርኩ አልልም፤ እሱም ወጣት ነበር። ብቸኝነት ጎድቶኝ ነው አልልም፤ የእሱ ብቸኝነት ከእኔ አያንስም። ይቅርታ ገና አልጠየቅሁትም፤ አስቀድሜ የመቆጣት መብቱን ልመልስለት ብዬ ነው፤ ስንት ዓመት ሙሉ በውሸቴ ነጥቄው የነበረ መብት ነውና። መስቀል ደርሷል፤ ቢላ እሄዳለሁ። ከእኔ ጋር ከቆረሰ አብሬው እበላለሁ። ካልቆረሰም ብቻዬን በልቼ፣ ሚስቱን አመስግኜ እመለሳለሁ፤ ለከርሞም እንደገና እሄዳለሁ።