በእሳት ያሞቅሁት ሲምባል

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ መጠጤንም ቁጣዬንም ዘርዝሬ፣ እዚህ ላይ ስደርስ ዘልየዋለሁ። እናንተ ፊቴን ስለማታዩት ለእናንተ ልናገረው፦ የጋሽ ታፈረን ሲምባል የሰነጠቅሁት እኔ ነኝ።

ጋሽ ታፈረ ደብረ ታቦር ውስጥ ጎረቤታችን ናቸው። በወጣትነታቸው በኪነት ቡድን ድራም ይመቱ ነበር። ቡድኑ ሲበተን አንድ ትልቅ የነሐስ ሲምባል፣ ከድራም ጋር የሚመታውን ሳህን መሳይ፣ በነጠላ ጠቅልለው ይዘው መጡ። እኔ ደግሞ ቤቴ ቁጭ ብዬ በኮምፒውተር ዘፈን አቀናብራለሁ። ድራሜ ሁሉ ከኮምፒውተሩ ነው። ምቱ ደህና ነው፤ ሲምባሉ ግን ሰው ያልነካው መሆኑ ያስታውቃል። የእውነተኛውን ድምፅ ልቅዳ ብዬ ስጠይቃቸው ሳያቅማሙ አወጡልኝ።

"የልጄ ሰርግ ላይ እመታዋለሁ፤ አደራህን ጠብቅልኝ" አሉኝ።

ጠበቅሁላቸው?

ያን ቀን ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ፍራሼን ግድግዳው ላይ አቆምሁ፤ ብርድ ልብሴን በሩ ላይ ሰቀልሁ፤ ዶሮዎቹን ከደጃፍ አባረርሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ እስኪተው ቆሜ ጠበቅሁ። ከዚያ በዱላው ጫፍ ነካ አደረግሁት። ድምፁ ቤቱን ሞልቶ ቀስ እያለ ሲከስም ፀጉሬ ቆመ። ቀድቼ ከኮምፒውተሩ ድራም ጋር ሳዋህደው ብቻዬን እስክስታ ወረድሁ። ዛሬም ሳስበው ደስ ይለኛል፤ ይህም ያሳፍረኛል።

ግን መቼ በቃኝ? ድምፁ ከዚህም እንዲጠራ ፈለግሁ። ከበሮ በብርድ ሲላላ እሳት ዳር ይሞቃል፤ ቆዳው ይወጠርና ድምፁ ይጠራል። እኔም ይህን በየሰርጉ እያየሁ ነው ያደግሁት። ሲምባሉንም ከሰል ላይ አሞቅሁት። ነሐስ መቼ ቆዳ ሆነ? ባለቤቱ ጎረቤቴ ሆነው ሳለ ለምን ሄጄ አልጠየቅሁም? ጓጉቼ ነበር፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። እንደጋለ በሙሉ ኃይሌ መታሁት። ጠርዙ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ወጣ። ከዚያ በኋላ ሲመታ ቀሽ ብሎ ዝም ይላል።

ጥላሸቱን ጠረግሁ፤ በነጠላቸው ጠቅልዬ መለስሁላቸው። ሳይገልጡ ተቀበሉኝ።

ሰርጉ ላይ ከሐሙሲት የመጣው ባንድ ድራሙን ለቀቀላቸው። ሲምባላቸውን አቁመው መቱት፤ ቀሽ አለ። ደገሙት፤ ያው ነው። ዓይናቸው ስለደከመ ስንጥቁን አላዩትም። አጠገባቸው ወደነበርሁት ወደ እኔ ጎንበስ ብለው በጆሮዬ፣ "ጆሮዬ ሄዷል መሰለኝ፤ ልጄ፣ አንተ ምታላት" አሉኝ።

ዱላውን ተቀበልሁ። ሰባሪው እኔ፣ በአባትየው ቦታ ተቀምጬ፣ ሲምባሉን ሳልነካ ድራሙን ብቻ ለሙሽራዋ መታሁ። ሰውም አጨበጨበልኝ። ያኔ ተነስቼ "እኔ ነኝ" ብል ምን እሆን ነበር?

ከሰርጉ በኋላ ዘፈኑን ሲምባሉ ሳይሰነጠቅ በፊት በቀዳሁት ድምፅ ጨረስሁት። ጋሽ ታፈረ ቤቴ መጥተው ሲሰሙት ፊታቸው በራ።

"ሲምባል ማለት እንዲህ ነው። የማን ነው?"

"ከኢንተርኔት ያወረድሁት ነው" አልኋቸው።

ቀኝ እጃቸውን እያገላበጡ አዩት። "እንግዲያ ጆሮዬ ደህና ነው። የከዳኝ እጄ ነው ማለት ነው" አሉ። ከዚያ ወዲህ ዱላ ጨብጠው አያውቁም።

ስንጥቁን ድንቁርና ነው እንበል። ይህንስ ምን እንበለው? የዘፈኑ ማማር በእኔ ጥበብ እንዲመስል ፈልጌ፣ ሽማግሌውን የገዛ ሲምባላቸውን ድምፅ ካድኋቸው። ከእናንተ ይቅርታ አልለምንም፤ ይቅር ማለት የእናንተ አይደለም። ጋሽ ታፈረ በሕይወት አሉ። እጃቸው ምንም አልሆነም፤ ይህን እኔም እናንተም እናውቃለን፤ የማያውቁት እርሳቸው ናቸው።