ያጠፋሁት መስመር

ይህን ነገር ሳስታውስ አሁንም አንገቴን እደፋለሁ። ሲኤምሲ አካባቢ ያለ አንድ ክሊኒክ የታካሚዎቹን መዝገብ የሚይዝበትን ሲስተም የምከታተለው እኔ ነኝ። አንድ ጠዋት ሲስተሙ ለአንዲት እናት የሞክሼዋን የላብራቶሪ ውጤት አወጣላት። የሌለባትን በሽታ አለብሽ ተብላ ስታለቅስ ደረስኩ። ደግነቱ ሐኪሟ ስህተቱን ቶሎ ነቃበት።

እኔ ግን ምክንያቱን ብፈልግ ብፈልግ አጣሁት። ቴሌግራም ላይ ባለ የፕሮግራመሮች ግሩፕ እርዳታ ስጠይቅ፣ አንድ የማላውቃቸው ሰው «ሃያ ሁለት ሰፈር ካፌ ውስጥ ነኝ፤ ላፕቶፕህን ይዘህ ና» ብለው ጻፉልኝ። ካፌው ስደርስ የጠበቁኝ ጸጉራቸው የሸበተ፣ ዝምተኛ ሰው ነበሩ።

ከዳታቤዙ ውጤት የሚያወጣውን ትእዛዝ፣ ኩዌሪ የምንለውን፣ መስመር በመስመር ማንበብ ጀመሩ። እኔ ዝም ማለት አቃተኝ።

«ጋሼ፣ ያበላሸው ከእኔ በፊት የነበረው ሰውዬ ነው። የሚሠራውን የማያውቅ ሰው ነበር» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝና ማንበባቸውን ቀጠሉ። በኋላ ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አሳረፉ።

«ይኸውልህ፣ ታካሚውን የሚፈልገው በስም ብቻ ነው። የካርድ ቁጥሩን የሚያመሳክር መስመር እዚህ ጋ ነበር። ማን አጠፋው?»

ሲስተሙ ይፈጥናል ብዬ ባለፈው ሳምንት ያጠፋሁት እኔው ነኝ። ይህን መናገር ግን አልቻልኩም።

«እንደነበረ በምን አወቁ?» አልኳቸው።

ላፕቶፑን ቀስ አድርገው ወደ እኔ አዞሩት።

«የጻፍኩት እኔ ነኛ፣ ልጄ።»