ከጋሽ በላቸው ቤዝ ላይ የነቀልኳቸው ሃያ ዘንጎች

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴም ጭምር። ጾም መሻሬን ነግሬያቸዋለሁ፣ ሰው ማማቴን ነግሬያቸዋለሁ፤ ይህቺን ግን እቤቴ መጥተው ልክ ከሥሯ ተቀምጠው እንኳ ዋጥኳት። አንድ ጊዜ ቀና ብለው ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን አዩና፣ "ይህ ደግሞ ምንድን ነው ልጄ?" አሉኝ። "የክራር ታላቅ ወንድም ነው አባ" አልኳቸው። ሣቁ። እኔም ሣቅኩ። ውሸት አልነበረም፤ ኑዛዜም አልነበረም።

ግድግዳዬ ላይ አራት ቤዝ ጊታሮች አሉ። አራቱም ፍሬት የሌላቸው ናቸው። ለማታውቁት ላስረዳ፤ ፍሬት ማለት በጊታር አንገት ላይ በየርቀቱ የተቀበረ ቀጭን የብረት ዘንግ ነው። ጣት ከዘንጉ ጀርባ ካረፈ ድምፁ አይሳሳትም። ዘንጉ ከሌለ አንገቱ ልሙጥ ነው፤ ጣት ፀጉር ታህል ብትስት ያስታውቃል። ካልሳተች ግን ድምፁ ደረጃ አይወጣም፣ ይንሸራተታል፤ እንደ ማሲንቆ፣ እንደ ሰው ጉሮሮ። እኔ ይህን ድምፅ እወደዋለሁ። በዚህ አላፍርም። ማንም አላስተማረኝም፣ በጆሮዬ ለቅሜ ነው የተማርኩት፣ ደግሞም እችልበታለሁ። አንዱን ከመርካቶ ሆዱ ተሰንጥቆ አግኝቼ አዳንኩት። አንዱን ከዋንዛ እንጨት ራሴ ሠራሁት። ባለ አምስት ክሩን አንድ ሙዚቀኛ አልመች ብሎት ተወልኝ። ሰው ሲጠይቀኝ የሦስቱን ታሪክ እያጣፈጥኩ አወራለሁ፤ የመጀመሪያውን "ከሰው ያገኘሁት ነው" ብዬ አልፈዋለሁ። ከማን? እንዴት?

ከጋሽ በላቸው ነው።

ጊዜው ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ሀና ማርያም ነበር የምኖረው፤ ላፍቶ አንድ እንጨት ቤት ውስጥ ለቁም ሣጥንና ለአልጋ ቫርኒሽ እቀባ ነበር። ጋሽ በላቸው ጎረቤቴ ነው። በጦሩ የሙዚቃ ክፍል ቤዝ ተጫዋች ነበርና ጦሩ ሲበተን እቤቱ ቁጭ አለ። የቀረው ነገር ያ ቤዝ ከነጥቁር ሣጥኑ ነው። የሚስቱ የእትዬ ጥሩወርቅ ወንድም ሽፈራው፣ "ሬሳ ይመስል ተሸክመኸው ትዞራለህ" እያለ ያሾፍበታል። "ሬሳው የተነሣ ዕለት አንተን ነው የሚቀብርህ" ይለዋል ጋሽ በላቸው። ይሣሣቃሉ። ያኔ ይሣሣቁ ነበር።

አንድ ቀን እንጨት ቤት በካሴት ያ ተንሸራታች ድምፅ መጣ። ቡሩሼ እጄ ላይ ደረቀ። ለጋሽ በላቸው በአፌ እያንጎራጎርኩ ምን የሚሉት መሣሪያ እንደሆነ ጠየቅኩት። "ቤዝ ነዋ፣ እንደኔው" አለኝ። "ፍሬቱን ነቅለውት ነው።"

ነቅለውት ነው። ይህቺ ቃል ጆሮዬ ውስጥ ቀረች።

ብዙም ሳይቆይ የእናቱ መታመም ተሰማና ሚስቱን ይዞ ወደ ደብረ ማርቆስ በጥድፊያ ሄደ። ቤዙን ሽፈራው ቤት አስቀምጦት ኖሮ፣ ክረምቱ ሲገባ የሽፈራው ጣሪያ ስለሚያፈስ ወደኔ እንዲያመጣው አደራ አለው። ሽፈራው በትከሻው ተሸክሞ መጣ። "ያውልሽ ሬሳው፣ ለቅሶ ተቀመጪ" ብሎኝ ሄደ።

በሦስተኛው ቀን ሣጥኑን ከፈትኩ። ነቀልኩት። እኔ ነኝ የነቀልኩት። ዘንጎቹን በጋለ ብረት እያሞቅሁ በጉጠት አንድ በአንድ ነቀልኳቸው። ለምን? ለዓመታት ለራሴ "ላስገርመው ብዬ ነው" ስል ኖሬያለሁ። ውሸት ነው። ድምፁን ፈልጌ ነው። የመጀመሪያው እንደ ወተት ጥርስ ወጣልኝ፤ ካልሆነ እመልሰዋለሁ አልኩ። ሰባተኛው ላይ እንጨቱ ተፈልጦ ተነሣ። ከዚህ በኋላ ምንም እንደማይመለስ በዚያች ደቂቃ አውቄያለሁ፤ ሙያዬ እንጨት ነው። አወቅኩና የቀሩትን አሥራ ሦስቱን ነቀልኩ። እስከ ሰባተኛው ያለውን ጅልነት በሉት። ከዚያ ወዲያ ያለውን ምን ትሉታላችሁ?

ቦዩን በሰጋቱራና በኮላ ሞላሁ። ከዚያ ጥቁር ቫርኒሽ ሦስት ጊዜ ደርቤ የዘንጎቹን ፈለግ አጠፋሁ። መስመሮቹን እንኳ ብተውለት ዓይኑ ጣቱን ይመራለት ነበር። እኔ ግን እንዲያምርልኝ ፈለግኩ። አማረልኝ። ሳላፍር ሳምንቱን ሙሉ ተጫወትኩበት።

ጋሽ በላቸው የመጣው ድንገት ነው። አንድ ሆቴል ውስጥ የሚሠራ ባንድ ቤዝ ተጫዋች ፈልጎ ከሰዓት በኋላ ሊፈትነው ቀጥሮታል። ከአውቶቡስ ወርዶ ቤቱ ሳይገባ በሬ ላይ ቆመ፤ ፂሙ አድጓል፣ ዓይኑ ግን የሙሽራ ዓይን ነው። "ዘኑዬ፣ ሬሳው ሊነሣ ነው" አለኝ። ሣጥኑን አቀበልኩት። ውሃ ለመነኝና ሰጠሁት። ቆሞ ጠጣ። አንድ ብርጭቆ ውሃ እስኪያልቅ ጊዜ ነበረኝ። ጋሼ፣ ክፈተውና እየው ማለት ምን ያህል ከባድ ነው? አላልኩም። ብርጭቆውን ተቀበልኩት፤ እሱ ታክሲ ለመያዝ ሮጠ።

ሊመሽ ሲል ተመልሶ ደፌ ላይ ተቀመጠ።

"ስከፍተው ዘንጉ የለም፣ አንገቱ ልሙጥ፤ የሰው ዕቃ ይዤ የሄድኩ ነው የመሰለኝ" አለ። "ጣቴ የለመደው ቦታ ላይ ያርፋል፣ ድምፁ ሌላ ነው። የባንዱ ዘፋኝ አቀርቅራ ዘፈኑን ጨረሰችው። ብትስቅብኝ ይሻለኝ ነበር።"

ቀና ብሎ አየኝ።

"ዘኑ፣ እዚህ ሰው ነክቶታል?"

"ኧረ እኔ ሣጥኑን አልከፈትኩም ጋሼ።"

"እንግዲያ ሽፈራው ነው" አለ። "ቀልዱን ነው ብዬ፤ ለካ ልቡን ነው።"

አይደለም አላልኩም። ያን ማታ ግቢያቸው ውስጥ ጩኸት ሆነ፤ ሽፈራው በእናቱ ስም እየማለ ወጣ፣ ሁለተኛም አልተመለሰም። ከወር በኋላ ጋሽ በላቸው ሣጥኑን አምጥቶ ጉልበቴ ላይ አስቀመጠልኝ። "አንቺ እንጨት ትወጃለሽ፤ ለኔ አይሆንም። ስለ ጠበቅሽልኝ ውሰጂው" አለኝ። ስለ ጠበቅኩለት። ወሰድኩት። አመሰገንኩትም።

እሱ ዳቦ ቤት ገብቶ ሠራ፣ ቤዝ ዳግመኛ አልነካም፤ ካረፈ ሦስት ዓመቱ ነው። በቀብሩ ዕለት ሽፈራው ከድንኳኑ ማዶ ከመብራት እንጨቱ ሥር ቆሞ ዋለ። ግባ ያለው የለም። እትዬ ጥሩወርቅ አየችውና፣ "ተዉት ይቁም፣ የሠራውን ያውቃል" አለች። እኔ አጠገቧ ነበርኩ፤ እጇን ይዤ ነበር። የያዝኩትን እጅ አጥብቄ ያዝኩ እንጂ አፌን አልከፈትኩም። ጋሽ በላቸውን አንድ ጊዜ በደልኩት። ሽፈራውን ግን በየቀኑ ነው የምበድለው፤ ዛሬም እህቱ አታናግረውም።

በዚህ ሳምንት ቤዙን ከግድግዳው አወረድኩት። ጥቁሩን ቫርኒሽ በብርጭቆ ወረቀት ፋቅሁት፤ ሃያዎቹ መስመሮች አንድ በአንድ ወጡ፣ የሰባተኛዋ ጠባሳ ሳይቀር። እሑድ ሽፈራውን ቤቱ ሄጄ ይዤው እመጣለሁ፤ ከእህቱ ፊት አስቀምጬው የቤዙን አንገት አሳያቸዋለሁ፣ በየትኛው ላይ ማቆም እችል እንደነበርም እነግራቸዋለሁ። ይህን ጽሑፍ እናንተ ስታነቡት እነሱ ሰምተውታል።

ካሉኝ ሁሉ ድምፁ የሚያምረው እሱ ነው። የሰማ ሰው ይራራልኛል፤ ይህን ስለማውቅ አራቱንም ክሮች ፈታኋቸው፤ እቤት ይቀራሉ። ዲዳውን ይዤው እሄዳለሁ።