ሻምፒዮኑን «ታላቅ» ለማለት የተደረገ ስብሰባ

ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር በነበረው እድራችን ለአሥራ አራት ዓመት ጸሐፊ ነበርኩ። ዋናው ሥራዬ በቀብር ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ መጻፍ ነው፤ ጡረታ የወጣሁ የአማርኛ መምህር በመሆኔ ማንም ሳይጠይቀኝ የኔ ሆነ። በዚያ ሁሉ ዓመት አንድም ክፉ ሰው ቀብሬ አላውቅም። ሁሉም ደግ፣ ሁሉም ሰው አክባሪ፣ ሁሉም ለተቸገረ ደራሽ ነበሩ። እንደኔ ወረቀት ቢሆን ኖሮ በሰፈራችን ገመድ ላይ የተሰጣ ልብስ ባልጠፋ ነበር።

አንድ ጊዜ ቤተሰቡ አላስቆም አላስቀምጥ ቢለኝ፣ ዕድሜ ልካቸውን ከሰው ሲጣሉ የኖሩ ጎረቤታችንን «ታላቅ ሰው» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ በኋላ የሞተበት ሁሉ «ለእሳቸው የተባለ ለኛ አባት ምነው ቀረ?» እያለ ያፋጥጠኝ ጀመር። ኮሚቴው ተቆጣና «ታላቅ» የሚለው ቃል ያለ ምስክርና ያለ ስብሰባ እንዳይጻፍ ወሰነ። «ደግ» ግን እንደ ልብ ተፈቀደ።

ሻምፒዮኑ እኔ ዘንድ የመጡት ቤቶቻችን ሊፈርሱ ምልክት ተደርጎባቸው፣ ሁላችንም ወደ ከተማው ዳር ልንበተን ሁለት ሳምንት ሲቀረን ነው። በደርግ ጊዜ በክብደታቸው የአገሪቱ የቦክስ ሻምፒዮን ነበሩ። አሁን ሰባ አልፏቸዋል፤ ፒያሳ ላይ ሲሄዱ ግን ዛሬም ግራ ትከሻቸው ይቀድማል።

«መምህር፣ የሕይወት ታሪኬን ጻፍልኝ» አሉኝ።

«ምነው ጋሼ፣ አመመዎት እንዴ?»

«ደህና ነኝ። ልጄ የምትወስደኝ ኮንዶሚኒየም ግን ማንም አያውቀኝም። ስሞት የሚያነበው ሰው ቡጢ ስሰነዝር አላየኝም። ያዩኝ እዚህ ናቸው። ሳይበተኑ ታላቅ እንደነበርኩ ወይም እንዳልነበርኩ ይወስኑልኝ። አልነበርክም ካሉም ልስማው።»

እኔ ቡጢ አልወድም። ሁለት ጤነኛ ሰዎች ፊታቸውን ለምን እንደሚያበላሹ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ሰውዬው ግን ኮፍያቸውን አውልቀው ነበር የሚለምኑኝ፤ አንጀቴን በሉት።

ችግሩ የእድራችን ሰብሳቢ ነበሩ። ሻምፒዮኑ ማዕረጉን የወሰዱት እሳቸውን በሦስተኛው ዙር ጥለው ነው። ሰብሳቢው ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ «አልመታኝም፤ ወለሉ እርጥብ ነበር፣ ተንሸራትቼ ነው» ይላሉ። ይህን ያልሰማ የፒያሳ ኬክ ቤት አስተናጋጅ ያለ አይመስለኝም።

እሑድ ጠዋት በእድሩ ቤት፣ በድንኳኖቹና በትልልቆቹ ብረት ድስቶች መካከል ተሰበሰብን። አንዱ አባል «ታላቅ ለመባል ውጭ አገር ሄዶ ማሸነፍ ያስፈልጋል» አለ። ሌላው «ውጭ አገር ያሉትስ እዚህ መጥተው አሸንፈዋል?» ብሎ መለሰለት። ሦስተኛው፣ ሰው ከታላላቆች ጋር የሚመደበው ከታላላቆቹ ጋር ተነጻጽሮ ስለሆነ የታላላቆቹ ዝርዝር ይቅረብልን አለ። መዝገቡን ገለጥኩ። እስካሁን ታላቅ ተብለው የተጻፉት ያ ጠበኛ ጎረቤታችን ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ክርክሩ ሻምፒዮኑ ከእሳቸው ይበልጣሉ ወይስ ያንሳሉ ወደሚለው ዞረ፤ ግማሽ ሰዓትም ፈጀ። «በድብድብ ብዛት ከሆነ እሳቸው ይበልጣሉ» ያለም አልጠፋ።

በመጨረሻ ሰብሳቢው ጠረጴዛውን መቱና «እኔን የጣለኝ ወለሉ ነው። ታላቅ የሚባል ካለ ወለሉ ይባል» አሉ።

«እንግዲያው እንየው» አሉ የእድሩ ገንዘብ ያዥ፣ ነገር የማይፈሩ ሴት ናቸው። «እንዴት እንደነበረ ሁለታችሁም አሳዩን።»

አግዳሚ ወንበሮቹን በአራት ማዕዘን ደረደርን። ሰብሳቢው እርጥብ የነበረውን ቦታ በጣታቸው አመለከቱኝ፤ እኔም፣ ስንት ትውልድ ሰዋስው ያስተማርኩ ሰው፣ በጆግ ውሃ አፈሰስኩበት። ሻምፒዮኑ ኮታቸውን አወለቁ። ሰብሳቢው መነጽራቸውን ለእኔ ሰጡና ወደ ውሃው ለመራመድ ተዘጋጁ።

የሻምፒዮኑ ግራ እጅ ተነሣ። በጣም በዝግታ ነበር የመጣው፤ መሃል ላይ አንድ ሰው ለማስነጠስ ጊዜ አግኝቷል። ከሰብሳቢው አገጭ አንድ ስንዝር ሲቀረው ቆመ። ሰብሳቢው ግን ውሃውን ረስተውት ነበር። ሁለት እጃቸው ወደ ፊታቸው ሄደ፤ ደረቁ ሲሚንቶ ላይ ዘፍ ብለው ተቀመጡ።

ሰብሳቢው መሬቱን በመዳፋቸው ዳሰሱት።

«ተንሸራትተህ ነው» አሉ ሻምፒዮኑ ጎንበስ ብለው እጃቸውን እየዘረጉላቸው። «እኔም አይቻለሁ።»

«አንተ ዝም በል፤ ስብሰባውን የምመራው እኔ ነኝ» አሉ ሰብሳቢው ከመሬት ሳይነሡ። «መምህር፣ ታላቅ ብለህ ጻፍ። ምስክሩ እኔ ነኝ።»

ወዲያው ጻፍኩና ቆሜ አነበብኩት። የእድራችን የሕይወት ታሪክ አጻጻፍ አንድ ዓይነት ስለሆነ መጨረሻው ላይ «ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው» የሚለው አልቀረም፤ ቀኑን ብቻ ባዶ ተውኩት። ገንዘብ ያዧ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው አለቀሱ፤ ሌሎቹም ተከተሉ። ሟቹ ፊት ለፊታችን ተቀምጠው፣ «ታላቅ» የምትለዋ ላይ ስደርስ «እስቲ ድገማት» አሉኝ። ደገምኳት።

ሳበቃ ተነሥተው አንድ በአንድ ጨበጡን።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ለቀብሬ ደርሳችሁልኛል» አሉ። «የእውነት የሞትኩ ቀን ደግሞ እንዳትንከራተቱ፤ ልጄ ያለችበት ሦስት ታክሲ ነው።»

እድራችን ከቀብር የሚቀርን አባል ይቀጣል። ሰብሳቢው መነጽራቸውን ከእጄ ወሰዱና ዓይናቸውን ጠራርገው አደረጉት።

«መምህር፣ ከእሱ ቀብር የቀረ አባል አይቀጣም ብለህ በቃለ ጉባኤ ያዝ» አሉኝ።

ጻፍኩት። በሕይወቴ እንደዚያ ያስጠላኝ ዓረፍተ ነገር ጽፌ አላውቅም።