ድንገተኛ ክፍል ተራ ያስያዝኩ ቀን

ካዛንቺስ እኛ ሰፈር ውሃ በሦስት ቀን አንዴ በሚመጣበት ጊዜ የቦኖው ተራ አስከባሪ እኔ ነበርኩ። ማንም አልሾመኝም። ጄሪካኑን ቀድሞ ያስቀመጠ ቀድሞ ይቀዳል፤ የቀበሌ ሹም ሚስትም ብትሆን ከኋላ ትቆማለች። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል ባያልፍም ቀዳሚና ተከታይ መለየት አያቅተኝም።

ልጄን ኡራኤል ጋ ሚኒባስ የገጫት ቀንም ይሄንኑ አመሌን ይዤ ሆስፒታል ገባሁ። ከቢሮ ወጥታ መንገድ ስታቋርጥ ነው። ክንዷ ከመላላጡ በቀር ደም አይታይባትም። ላዳ ውስጥ ስንሄድ "ሆዴን ትንሽ አመመኝ" ብቻ ነበር የምትለው።

የድንገተኛ ክፍሉ ኮሪደር በሰው ተጨናንቋል። ነርስ ባለፈ ቁጥር ሁሉም ጋዋኑን ይጎትታል። ጉልበተኛ ሊቀድም ነው ብዬ ተነሳሁ።

"መጀመሪያ የመጣው ማነው? አንተ? እዚህ ሁን። ከሱ ቀጥሎስ?"

ሁሉንም በየመጡበት ግድግዳውን አስይዤ ደረደርኳቸው። ከእኛ ፊት ከፎቅ ሥራ ላይ ወድቆ እግሩ የተሰበረ ግንበኛ ነበር። ሚስቱ "እርስዎን ያኑርልን፣ እናቴ" አለችኝ።

ወዲያው አንድ ሰው በሸክም መጣ። ደረቷ ላይ "የጉዳተኞች ሕክምና አስተባባሪ" የሚል ባጅ ያንጠለጠለች አጭር ነርስ በቀጥታ ልታስገባው ስትል በሩ ላይ ቆምኩባት።

"ምን ስለሆነ ነው የሚቀድመው? ዘመድሽ ነው?"

"መተንፈስ አቅቶታል፣ እማማ። ያሳልፉኝ።"

"እኛስ ለሽርሽር ነው የመጣነው?"

"እዚህ ተራ የሚያዘው በመጡበት ሰዓት አይደለም። ደግሞ ከሚጮኸው ይልቅ ዝም ያለው ነው የሚያስፈራኝ።" በትከሻዋ ገፋ አድርጋኝ ገባች።

"አፏ አያርፍም!" አልኩና ተቀመጥኩ። ከዚያ ልጄን አየኋት። ዝም ብላለች። እስካሁን ቻይነቷ እያኮራኝ ነበር። እጇን ስይዘው ቀዝቅዞ ላብ አጥምቆታል፤ ከንፈሯም ነጥቷል።

"እማዬ፣ ጠማኝ።"

መጮህ ነበረብኝ። ግን ከፊታችን ግንበኛው አለ፤ እዚያ ያስቀመጥኩትም እኔው ነኝ። እሱ ይግባና፣ አልኩ። ይህችን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም፤ የገዛ ልጄ እጄ ላይ እየከዳችኝ ተራ ጠበቅኩ።

አስተባባሪዋ ተመልሳ ወጣች። በግድግዳው ጥግ እየሄደች የእያንዳንዱን በሽተኛ የደም ስር ትዳስሳለች። ልጄ ጋ ስትደርስ ሆዷን ጫን አደረገችና ፊቷ ተለወጠ።

"ስትሬቸር! ቶሎ! ውስጥ ውስጡን እየደማች ነው!"

የግንበኛው ሚስት ብድግ አለች። "እንዴ! ቀጣዮቹ እኛ አይደለንም? ተራ ያስያዙን እርስዎ አይደሉም እንዴ?"

"ነኝ" አልኩ። ግድግዳውን ተደገፍኩ። "እውነትሽን ነው። ያስያዝኳችሁ ተሳስቼ ነው።"

ትክ ብላ አየችኝ። ከዚያ ባሏን ጠጋ አደረገችና "ይቀመጡ፣ ይወድቃሉ" አለችኝ።

ከዚያ በኋላ አስተባባሪዋ ስትሮጥ ነው የማያት። በስልክ ደም ትጠይቃለች፣ ሐኪም ትጠራለች፣ መሃል ላይ ለግንበኛው ማስታገሻ ታስወጋለች። ባለፈች ቁጥር አንዳንድ ቃል ትወረውርልኛለች፤ "ደም ተገኝቷል።" "አሁን ቀዶ ሕክምና ገባች።" "ጣፊያዋ ነው የተጎዳው።" ከዚያ ጠፋች። በሩ በተከፈተ ቁጥር የማየው ጫማ ነው። ቀና ብዬ ፊት ማየት ፈርቼ ነበር።

በመጨረሻ ጫማዋ መጥቶ ፊቴ ቆመ።

"እማማ፣ ከቀዶ ሕክምና ወጥታለች። ደሙም ቆሟል።"

ማልቀስ አቃተኝ። ከአፌ የወጣው "ይሄ ግንበኛስ?" የሚል ነበር።

"አሁን እሱን ልወስደው ነው" አለች። "በእኔ ሰልፍ እንጂ በእርስዎ አይደለም ታዲያ!"

ሚስቱ ሳቀች። ስትሬቸሩን በአንድ በኩል እሷ፣ በሌላው እኔ ይዘን እስከ በሩ ገፋነው።